ኅዳር 31፦ ጾም ሲገባ ኢሜይል ያቆመ ስልክ

መነሻ

ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አስር ሰው ቢመጣ ሰባቱ መስታወት የተሰበረበት ነው። ሁለቱ ቻርጅ አልይዝ ያለው። «ኢሜይል እምቢ አለኝ» ብሎ የሚመጣ ብርቅ ነው። ይህን ጉዳይ የምጽፈው መልሱ ስልኩ ፊት ላይ በትልቁ ተጽፎ እያለ አራት ሰው ስላለፍነው ነው። አራተኛው እኔ ነኝ።

የባለጉዳይዋን ስም አልጠራም፣ የቤታቸውንም። እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። «ስሜን ብቻ ተወው» አሉኝ።

ባለጉዳይዋ

ስድሳ ዓመት የተጠጉ እናት ናቸው። ከፋሲል ግቢ ብዙም ሳይርቅ ስምንት አልጋ ያለው ፔንሲዮን አላቸው። እንግዳቸው በአብዛኛው ለጥምቀት የሚመጣ ዲያስፖራና ወደ ሰሜን ተራሮች ሲያልፍ ጎንደር የሚያድር ቱሪስት ነው። እንግዳ እንደ ድሮው በማይጎርፍበት ጊዜ አንድ ኢሜይል የሳምንት ገቢ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ኢሜይል አላቸው። አንዱ የግላቸው ጂሜይል ነው። ሌላው በፔንሲዮኑ ስም በራሱ ዶሜይን (በራሱ የኢንተርኔት አድራሻ) የተከፈተ ነው። ሁለቱንም ስልካቸው ላይ በአንድ የጂሜይል አፕ ያነባሉ። አዲስ አበባ ያለች ልጃቸው ናት አስተካክላ የሰጠቻቸው። እሳቸው ከፍተው ያነባሉ፣ በሁለት መስመር ይመልሳሉ፣ አለቀ። ፔንሲዮኑ መቀበያ ላይ ደግሞ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ስለ እሱ ያን ቀን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ችግሩ

ታኅሣሥ 14 ቀን 2017፣ ሰኞ ጠዋት መጡ። ለጥምቀት 27 ቀን ቀርቶታል።

«ልጄ፣ ደብዳቤ ቆመብኝ። ጾም ከገባ ወዲህ አንድም አልመጣልኝ። ሰው ረሳኝ እንዳልል ጥምቀት ደርሷል።»

«ጾም ከገባ ወዲህ» ማለታቸውን ሰማሁ፣ ግን አላዳመጥኩም። እኛ አገር ሰው ጊዜን በጾምና በበዓል ይቆጥራል። «ወር ገደማ ሆነው» ለማለት መስሎኝ አለፍኩት። ጾመ ነቢያት የገባው ኅዳር 15 ነው። የፔንሲዮኑን ኢሜይል ስልኩ ላይ ስከፍተው የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው ኅዳር 14 ነበር። ሁለቱን ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ ባስቀምጣቸው ኖሮ ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አፑ ይከፈታል። የቆየው ደብዳቤ ይታያል። በጣት ወደ ታች ሲስቡት ያቺ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ መገናኘት አልቻልኩም ብላ ትጠፋለች። ቴሌግራም ግን ይሠራል። መልእክት ይገባል፣ ፎቶ ይወርዳል። ሁላችንንም ያሳሳተን ይሄ ነው።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

መጀመሪያ የተከሰሰው ኔትወርክ ነው። በዚህ ከተማ ኔትወርክ ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ ያየ ሰው ሌላ ነገር አይጠረጥርም። የመቀበያው ልጅ ፓኬጅ ሞላላቸው። ሲም ካርዱንም አውጥቶ በሌላኛው ቀዳዳ ከተተው። ለውጥ የለም።

ቀጥሎ የወንድማቸው ልጅ መጣ። ጎበዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ግን ቸኩሏል። የአፑን ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻውን) አጠፋ። አልሆነም። ጂሜይሉን ከስልኩ ሰረዘና እንደገና ሊያስገባ ሞከረ። ስልኩ ከጉግል ሰርቨር (ደብዳቤው ከሚቀመጥበት የኩባንያው ኮምፒውተር) ጋር መገናኘት አልቻልኩም አለው። ስለዚህ ከእኔ ዘንድ ሲመጡ ጂሜይሉ ጭራሹኑ ስልኩ ላይ የለም። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። ሳይላኩ የቆዩ ሦስት መልሶች ነበሯቸው። ያልተላከ ደብዳቤ ስልኩ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው። አካውንቱ ሲሰረዝ አብሮ ሄደ።

ሦስተኛው አንድ ጥገና ቤት ነው። «ፎርማት ይደረግ» አሏቸው። የሟች ባለቤታቸው ፎቶ ስልኩ ውስጥ ስላለ እምቢ ብለው ወጡ። እግዜር ይስጣቸው። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ለጊዜው ይሠራ ነበር፣ ለምን እንደሠራ ግን ማንም አያውቅም ነበር። በሳምንቱ ተመልሶ ይቆማል።

የእኔ አንድ ሰዓት ተኩል

እኔም ከእነሱ ብዙ አልተሻልኩም።

በመጀመሪያ የሱቄ ኮምፒውተር ላይ ጂሜይላቸውን ራሳቸው እንዲከፍቱት አደረግሁ። ፓስወርዱን ከቦርሳቸው ደብተር አውጥተው ሲጽፉ ፊቴን አዞርኩ። ተከፈተ። 63 ያልተነበበ ደብዳቤ! እትዬ አፋቸውን ያዙ። ይህ እርምጃ ትክክል ነበር። ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ በደህና ተቀምጧል ማለት ነው፣ ችግሩ ያለው ስልኩ ዘንድ ነው። ቦታ ሞልቶ እንዳይሆን ብዬም አየሁ። ጂሜይል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከፎቶና ከድራይቭ ጋር የሚጋሩት ነው፣ ሲሞላ አዲስ ደብዳቤ አይገባም። የእሳቸው ሩቡም አልሞላም።

የፔንሲዮኑን ኢሜይልም በኮምፒውተሩ ከፈትነው። ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ያን ጠዋት የመጡ ሁለት ደብዳቤዎች ብቻ አሉ። እዚህ ላይ መደንገጥ ነበረብኝ። ወር ሙሉ ያልተነበበ ሳጥን እንዴት ባዶ ይሆናል? እኔ ግን «እዚህኛው ላይ ሰው አይጽፍም ማለት ነው» ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ መገመት ጀመርኩ። ስልካቸውን ከእኔ ሆትስፖት ጋር አገናኘሁት፣ አልሆነም። የአይማፕን፣ ማለትም ስልኩ ደብዳቤ የሚቀበልበትን ዘዴ፣ የመግቢያ ቁጥር አየሁ። 993 ነው፣ ከነምስጠራው ትክክል ነው። የመላኪያው 587 ነው፣ እሱም ትክክል። አፑን ላዘምን ስል ፕሌይ ስቶርም አልከፈት አለ። እሱንም «ኔትወርኩ ደክሟል» አልኩት። ሰው አንድ ሐሳብ ከያዘ ሁሉንም ነገር ለዚያ ምስክር ያደርጋል።

በመጨረሻ «ፓስወርዱ ተበላሽቶ ይሆናል» ብዬ የፔንሲዮኑን ኢሜይል ፓስወርድ ቀየርኩ። ያለ ምንም ማስረጃ። ይህ ጥፋት ነበር፣ ኋላ ግን ባልጠበቅሁት መንገድ ጠቀመን።

ሰዓቱ

ሲሰለቸኝ ክሮምን ስልካቸው ላይ ከፈትኩ። ኢሜይሉን በብሮውዘር ላንብብላቸው ብዬ ነው። ገጹ አልተከፈተም። በምትኩ አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ፦ የስልክዎ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል።

ስልኩን ቆለፍኩና ፊቱን አየሁት። «ፍራይደይ፣ 14 ኤፕሪል» ይላል። ዕለቱ ሰኞ ነው። ወሩ ዲሴምበር ነው። ሴቲንግ ገብቼ ዓመቱን ሳይ 2017 ነው።

«እትዬ፣ ይህን ቀን ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኛ! የኛን ቀን ላድርገው ብዬ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጾሙ ሲገባ ቀኑን ለመከታተል ፈለጉ። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27። ግድግዳ ላይ ያለው ካሌንደር የ2016 ነው፣ አዲስ አልገዙም። ስልኩ የሚያሳየው የፈረንጅ ቀን አይጠቅማቸውም። ስለዚህ በራሳቸው ገብተው ኦቶማቲክ የሚለውን አጠፉና ኅዳር 15 ቀን 2017ን አስገቡ። ኅዳር ሦስተኛ ወር ነው፣ ስልኩ ማርች አለው። ሰዓቱንም ከጠዋቱ 9 የሚለውን 3 አደረጉት። በእኛ አቆጣጠር ልክ ናቸው።

«ታዲያ ዕለቱ ዓርብ ሲላችሁ አላስገረማችሁም?»

«ዕለቱንማ እኔ አውቀዋለሁ። ቁጥሩን ነው የምፈልገው። አንድ ቀን ብቻ ኅዳር 31 አለኝና ሳቅሁበት፣ በእጄ ታኅሣሥ 1 አደረግሁት።»

ማርች 31 ቀን አለው። ኅዳር የለውም። ጳጉሜን ሲመጣ ምን ሊያደርጉ አስበው እንደነበር ጠየቅኋቸው፣ ስልኩ 13ኛ ወር አያውቅምና። «ለጳጉሜን ያድርሰን እንጂ!» አሉ።

ኦቶማቲኩን መልሼ አበራሁት። ቀኑ ዘሎ ዲሴምበር 23 ቀን 2024 ላይ አረፈ። ደቂቃ አልሞላም፣ ፕሌይ ስቶር ተከፈተ። ጂሜይሉን መልሰን አስገባነውና ስልኩ ይንጫጫ ጀመር።

ሰዓት ከኢሜይል ጋር ምን አገናኘው?

ስልክ ከኢሜይል ሰርቨር ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ መታወቂያ ይጠይቃል። መታወቂያው ሰርተፊኬት ይባላል። ላዩ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል አለበት። ዕድሜው አጭር ነው። ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ የወጣ ሰርተፊኬት ከ398 ቀን በላይ ዕድሜ ካለው አይቀበሉትም። ብዙዎቹ እንዲያውም የ90 ቀን ናቸው።

የእትዬ ስልክ ራሱን ኤፕሪል 2017 ላይ አስቀምጧል። በ2024 የተሰጠ መታወቂያ ሲቀርብለት ገና ከሰባት ዓመት በኋላ የሚሰጥ ነገር ሆኖ ያየዋል። አጭበርባሪ ነው ብሎ በሩን ይዘጋል። ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። የኢሜይል አፑ ግን ይህን አይነግርም፣ መገናኘት አልቻልኩም ብቻ ይላል። ብሮውዘሩ ነው ምክንያቱን በግልጽ የሚናገረው።

ቴሌግራምስ? እሱ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበት የራሱ ዘዴ አለው። የስልኩ ሰዓት ቢሳሳት ከሰርቨሩ ሰዓት ያለውን ልዩነት አስልቶ ይቀጥላል። «ቴሌግራም ይሠራል፣ ስለዚህ ስልኩ ደህና ነው» የሚለው ድምዳሜ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ብቻውን ቢሆን ኢሜይሉን አያቆመውም ነበር፣ ሰርተፊኬቱ በዚያው ዕለት ካልወጣ በቀር። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር የማረጋገጫ ኮድ የሚጠቀም ሰው ግን በስድስት ሰዓት አይደለም፣ በጥቂት ደቂቃም ይቸገራል።

ሁለተኛው ችግር

እትዬ ምርቃት ጀምረው ሳለ ስልካቸው ጠራ። የመቀበያው ልጅ ነው። ኢሜይሉ ፓስወርድ እየጠየቀው ነው።

«የትኛው ኢሜይል?» አልኩ።

መቀበያው ላይ ያለው ኮምፒውተር የፔንሲዮኑን ኢሜይል ይቀበላል ለካ። እኔ ፓስወርዱን ስቀይር እሱም ቆመ። ባልቀይረው ኖሮ ኮምፒውተሩ መኖሩን አላውቅም ነበር። ተነሥቼ አብሬያቸው ሄድኩ።

ኮምፒውተሩ የተስተካከለው በፖፕ 3 ነው። ፖፕ 3 ደብዳቤን ከሰርቨር ወደ ኮምፒውተር ያወርዳል። «ቅጂውን ሰርቨር ላይ ተው» የሚለው ምርጫ ጠፍቶ ስለነበር እያወረደ ከሰርቨሩ ያጠፋል። የባዶው ሳጥን ምሥጢር ይሄ ነው። አይማፕ ግን ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ ትቶ ሁሉም መሣሪያ አንዱን ሳጥን እንዲያይ ያደርጋል። ስልኩ በአይማፕ፣ ኮምፒውተሩ በፖፕ ሲሆኑ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ይበላል፣ ስልኩ ፍርፋሪ ይጠብቃል።

እትዬ ወዲያው አንድ የቆየ ነገር አነሡ። «ማታ ያነበብኩት ደብዳቤ ጠዋት ይጠፋብኝ ነበር። በጣቴ ያጠፋሁት እየመሰለኝ ራሴን ስረግም ኖርኩ።» ኮምፒውተሩ የሚከፈተው ጠዋት ጠዋት ነው።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የወሩ ደብዳቤ ሁሉ አለ። 19 ናቸው። አምስቱ ለጥምቀት አልጋ የሚጠይቁ ናቸው። ልጁ ሁሉንም አይቷቸዋል። አልመለሰም፣ ምክንያቱም መመለስ የእትዬ ሥራ ነው፣ እሳቸውም በስልካቸው የሚያዩት መስሎታል። እሳቸው ደግሞ የሚጽፍ ሰው የለም ብለው አዝነዋል። አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው ወር ሙሉ አልተነጋገሩበትም። ልጁን ሊቆጡት ሲሉ መሃል ገባሁ፣ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው ብዬ።

የነበረውን አካውንት ከፖፕ ወደ አይማፕ መለወጥ አይቻልም፣ እንደ አዲስ ነው የሚገባው። አዲሱን በአይማፕ ከፈትኩ። የዓመቱን ደብዳቤዎች ከአሮጌው ሳጥን ወደ አዲሱ ገለበጥኩ፣ ወደ ሰርቨሩ ወጡ። ከዚያ በፊት ያሉትን የሰርቨሩ ቦታ ስለማይበቃ እዚያው ተውኳቸው። አሮጌው አካውንት እንዳይሰረዝ፣ ደብዳቤ ማውረዱን ብቻ እንዲያቆም አደረግሁ። ግልበጣው ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈጀ። ቡና ሁለቴ ተፈላ።

የቀረው ትንሽ ነገር

በማግስቱ ደወሉ። ደብዳቤው ይመጣል፣ ግን ስልኩ ድምፅ የሚያሰማው አፑን ሲከፍቱት ነው። የባትሪ ቆጣቢው ጂሜይልን እያስተኛው ነበር። ጂሜይልን ከቆጣቢው ነፃ ማድረግ በቂ ሆነ።

የቀኑ ጉዳይ ግን ሳይፈታ መሄድ አልቻልኩም። «ኦቶማቲኩን አይንኩ» ብሎ መላክ ቀላል ነው። ማርያም መቼ እንደምትውል ለማወቅ ተመልሰው እንደሚነኩት ግን አውቃለሁ። የኢትዮጵያን ቀን የሚያሳይ ዊጀት የስልኩ ፊት ላይ ጫንኩላቸው። ስልኩ በውስጡ የፈረንጁን ይይዛል፣ እሳቸው ላዩ ላይ የእኛን ያያሉ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማየት ለሚፈልግ አንድ ተንኮል አለ። የሰዓት ክልሉን ቦነስ አይረስ ማድረግ ነው። ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩም 3 ይላል። ቀኑም የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ስልኩ የዓለምን ሰዓት በትክክል ስለሚያውቅ ኢሜይል አይቆምም። ለአንድ ባጃጅ ነጂ እንዲህ አድርጌለት እስከ ዛሬ ይመርቀኛል። ለእትዬ ግን አላደረግሁትም። የአውሮፕላን ሰዓት እየጻፉ ከአዘዞ እንግዳ የሚያስመጡ ሰው ናቸው፣ ካሌንደራቸው ላይ የሚመዘገበው ሰዓት ሊያምታታቸው ይችላል።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

አሁን ኢሜይል ብሎ የሚመጣ ሰው ሲኖር ሴቲንግ ከመክፈቴ በፊት የስልኩን ፊት አያለሁ። ዕለቱና ቀኑ ካልተስማሙ ሌላ ነገር አልነካም። ቀጥሎ ብሮውዘር ከፍቼ አንድ ገጽ እሞክራለሁ። አፕ የሚደብቀውን ብሮውዘር ይናገራል። ቴሌግራም መሥራቱን ለኔትወርኩ ማስረጃ አድርጌ እወስደዋለሁ፣ ለስልኩ ጤና ግን አልወስደውም።

አካውንት መሰረዝን ወደ መጨረሻ ገፍቼዋለሁ። ከመሰረዜ በፊት ያልተላከ ደብዳቤ መኖሩን አያለሁ፣ ካለ ጽሑፉን ሌላ ቦታ እገለብጣለሁ። ፓስወርድ ደግሞ በግምት አልቀይርም። በኮምፒውተር ከተከፈተ ፓስወርዱ ደህና ነው ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ጨምሬያለሁ፦ «ይህን ኢሜይል ሌላ የሚከፍተው ማን ነው? በምን?» የፔንሲዮን፣ የአስጎብኚ፣ የሱቅ ኢሜይል ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ቦታ ተከፍቷል። አንዱ በፖፕ ከሆነ የሌላውን ይወስዳል።

ሰው «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲባል የሚሰጠውን መልስም አሁን ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። ጾም ከገባ፣ ልጄ ከመጣች፣ መብራት ከጠፋ ማግስት። ከዚያ «ያን ቀን ስልኩ ላይ ምን ነካችሁ?» እላለሁ። «ምንም» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ያስታውሳሉ።

ከጥምቀት በኋላ

ከአምስቱ አልጋ ጠያቂዎች ሁለቱ ሌላ ቦታ ይዘው ነበር። አንዱ መልስ አልሰጠም። ሁለቱ መጥተው ጥምቀትን እዚሁ አሳለፉ፣ አንደኛዋ እንዲያውም እስከ ቅዳሜ ቆየች። ጠፍተው የነበሩት ሦስቱ መልሶች ለማን እንደነበሩ እትዬ ሁለቱን አስታወሱ፣ ሦስተኛው እስካሁን አልተገኘም።

የጥር ወር ሳያልቅ ሱቄ መጡ። ስልኩ ደህና ነው። የመጡት ዊጀቱ ቀኑን እንጂ ጾሙን አያሳይም ብለው ነው። ዓቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት የሚያሳይ እንድፈልግላቸው አዘውኝ ሄዱ።